የአያ ቃጭሌ ከዘራ

ይድረስ ለአባዬ፣ ለአያ ቃጭሌ፤

በሞት ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ምነው ጽሕፈቴን አይተህ ሳቅህ? ሰባተኛ ክፍልን ያቋረጥኩት አንተው እያለህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተሻለኝም።

ቤታችን ከቁስቋም በታች እንደነበረው ነው። ጠዋት ጉሙ ሲወርድ ደጁ ይጠፋል፤ ከውስጡ ብቅ የምትል ይመስለኛል። አዲስ ነገር ሰብሊ ናት፤ በእማዬ ሆድ ትተሃት የሄድካት ልጅህ። ሸጋ ናት፤ አፍንጫዋን ብቻ ካንተ ወስዳ አዘንኩላት። ዓይኗ ግን ከተወለደች ጀምሮ አያይም።

እማዬ ትጋጫለች ብላ ከጀርባዋ አላወርድ አለች። ሰብሊ ዓመት ሞልቷትም አልዳኸችም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተቆጣች፦ እንዲህ ታዝላ ከዋለች ጉልበቷ አይጠናም፤ መሬት አውርዷት፣ በሆዷ አስተኟት፣ በድምፅ ጥሯት አለችን። አወረድናት። እኔና እማዬ ተንበርክከን እጃችንን ዘርግተን ጠበቅናት። ዝም ብለን! እጃችንን ለማታይ ልጅ። እሷም ዝም፣ እኛም ዝም። ከሦስታችን ዕውሩ ማን እንደሆነ እስቲ ፍረድ።

ያኔ ከዘራህ ትዝ አለኝ። ስትመጣ ሰምቼ እንዳመልጥህ ተደብቄ የበጋችንን የአንገት ቃጭል ያሰርኩበት። ልትገርፈኝ ስታባርረኝ እያቃጨልክ! ደግሞ አልፈታኸውም፤ ማክሰኝት ገበያ ይዘኸው ሄደህ «አያ ቃጭሌ» ተብለህ መጣህ።

ከግድግዳው አውርጄ ነቀነቅሁት። ሰብሊ ቀና አለች። ራቅ አደረግሁት። በደረቷ ተሳበች፣ ጉልበቷን ሰበሰበች፣ ወደቀች። እማዬ ልታነሳት ስትል ቀሚሷን ያዝኩባት። የቀትር ፀሐይ በበሩ ገብታ መሬቱ ላይ እንደ ማር ተዘርግታ ነበር። ሰብሊ በሙቀቱ ውስጥ፣ ሕልም ውስጥ እንዳለ ሰው ቀስ እያለች ዳኸች፤ ቅጭል ባለ ቁጥር አንድ እጅ፣ አንድ ጉልበት። ደርሳ ከዘራህን ጨበጠችው። እማዬም እያለቀሰች «ወፌ ቆመች!» አለች። ገና ሳትቆም! እኔም አላረምኳት።

አባዬ፣ እኔ ካንተ ልሸሽበት ያሰርኩት ቃጭል እሷን ወዳንተ አመጣት።

አልፈታውም። ቆማ ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች፤ የማን እንደነበረም በየቀኑ እነግራታለሁ። ትንሽ ጨምሬ ነው እንግዲህ፤ ታውቀኝ የለ።

ያ የምታባርረው ልጅህ