ባለበት ይቆይ

ጥር 4
የሒሳብ ፈተና ነበር። ስለሱ አልጽፍም።
ፎርማኑ በር ላይ ብሎኬት አራገፈ። ጎረቤታችን ነው፤ ከፎርማንነት ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ፣ አሁንም ሚስቱን «ሰዓት አልፏል» ይላታል። በሁለታችን ቤት መሀል ያለው መተላለፊያ የኔ ነው፣ እዘጋዋለሁ ባይ። እኛ ሌላ መውጫ ያለን በጓሮ ነው፤ እሱም ቦይ ተሻግሮ። አያቴ፣ አባባ፣ በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት የሚሄደው በተሽከርካሪ ወንበር። ወንበር ቦይ ይዘላል እንዴ?

ጥር 5
አባዬ አቤቱታውን ራሱ ጻፈው። ጠበቃ? «እኔ እያለሁ?» መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ፋይል ሲያመላልስ ሕግ የተጋባበት ይመስለዋል። እራት ላይ ቆሞ አነበበልን። «...ክርክሩ እስኪወሰን አሁን ያለው ሁኔታ ሳይለወጥ እንዲቆይ ጊዜያዊ እግድ ይሰጥልኝ።»
እማዬ፦ «ቁጭ በልና ብላ፣ ቀዘቀዘ።»
አባባ፦ «ግንብ እንዳይገነባ ብለህ ለምን አትጽፍም?»
«አባባ፣ ይሄ የሕግ አጻጻፍ ነው።»

ጥር 8
አባዬ ክሱን ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ፎርማኑም ሰማ። ሁለት ግንበኛ ጠርቶ ግንቡን በሁለት ቀን ገጠገጠው። ከኔ ቁመት ይበልጣል... የኔ ቁመት ብዙም አይደለም፣ ግን ይበልጣል።

ጥር 11
እግዱ ተሰጠ። ዳኛዋ የለመነውን አልከለከሉትም። ሁለቱም ወገን ሳይገነባና ሳያፈርስ ባለበት ይቆይ። ቀጠሮ የካቲት 20።
አባዬ ሁለቴ አነበበው። ሦስተኛው ላይ ገባው። ግንቡን በገዛ ወረቀታችን አስጠበቅነው! አባባ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔማ ተንከባለልኩ።
«ምን ያስገለፍጥሻል፣ አንቺ?» አለኝ አባዬ።

ጥር 17
ዛሬም በቦዩ ወጣን። አባዬ አባባን አዝሎ፣ እኔ ወንበሩን ተሸክሜ።
አባባ፦ «ልጅ ሳለህ እኔ አዝዬህ እንዲህ አላንገጫገጭኩህም።»
አባዬ አልሳቀም። እግሩን የሚያሳርፍበት ድንጋይ ይፈልግ ነበር።

ጥር 26
ፎርማኑ መዶሻ ይዞ መጣ። ቦዩን ስንሻገር አይቷል መሰለኝ።
«ጋሼ እንዲህ የሚቸገሩ አልመሰለኝም። የበር ያህል ልክፈትላቸው።»
አባዬ፦ «እንዳትነካ። እግድ አለ።»
«አንተ ሰውዬ፣ ለአባትህ ነው እኮ!»
«ፍርድ ቤት ደፈሩ ቢሉንስ? መዝገቤ ይበላሻል። ቀጠሮው ደርሷል።»
ፎርማኑ አባባን አየው። አባባ «ተወው፣ የያዘውን አይለቅም» አለ። ፎርማኑ መዶሻውን ይዞ ሄደ።
ለአባዬ «ክቡር ዳኛ» የሚል ስም አወጣሁለት። አባባ ወደደው።

የካቲት 3
ዝናብ። ቦዩ ሞላ። እጥበቱ ቀረ።

የካቲት 5
ዛሬም ቀረ። የአባባ እግር አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ጉድጓድ ይሆናል። ግንቡን እናፍርሰው አልኩ። «ነገ ውሃው ይጎድላል» አለ አባዬ። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የካቲት 6
ጠዋት አባባ መተንፈስ አቃተው። አባዬ ወጥቶ ሮጠ፣ ግንቡ ስር ቆሞ ፎርማኑን ተጣራ። «መዶሻ! መዶሻ አምጣ!» እሱ ከዚያ፣ አባዬ ከዚህ። አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው። ሰዓት አይቻለሁ። አምስት።
አምቡላንሱ እስከ በራችን ገባ።
አባባ ሆስፒታል አልደረሰም...

የካቲት 20
ፍርድ ቤት አብሬ ሄድኩ።
ዳኛዋ፦ «ግንቡ አለ?»
«ፈርሷል።»
«እግድ እያለ ማነው ያፈረሰው?»
«እኔ» አለ አባዬ። «እኔ» አለ ፎርማኑ። እኩል።
ዳኛዋ ወረቀት ገለጡ። «በወንበር የሚወጡት አባትዎ አሁን እንዴት ናቸው?»
አባዬ የእግዱን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ፎርማኑ ነው «አርፈዋል» ያለው።
ስንመለስ ወንበሩ መተላለፊያው መሀል ቆሟል፤ የዚያን ቀን አባባን አምቡላንስ ላይ ስንጭን እንደተውነው። አባዬ ሊያጥፈው ጎንበስ አለ።
«ባለበት ይቆይ» አልኩት።
እጁን ሰበሰበ። በጎን አልፎ ገባ።