በጠበል የተጣበቁት ቴምብሮች

ይድረስ ለውድ እትዬ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ የሚይዝዎ ነገር ለቀቅ አደረገዎ? የግፊት መድኃኒትዎንስ በየጠዋቱ ይወስዳሉ ወይስ አሁንም ትዝ ሲልዎ ብቻ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጄ ሐሴትም ሳን ሆዜ ሥራዋን እየሠራች ደህና ናት፤ አክስቴን ጉንጯን ሳምልኝ ብላኛለች።

ስልክ ስደውል ድምፄን ሲሰሙ ይዘጉታል። አንድ ቀን እንዲያውም የተሳሳተ ቁጥር ነው ብለው በራስዎ ድምፅ ነገሩኝ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀት ላይ ልጽፍልዎ ተነሣሁ፤ ደብዳቤ መሐል ላይ አይዘጋም። ቢናደዱም የጀመሩትን ሳይጨርሱ እንደማይተዉ አውቃለሁ።

በሐሴት በኩል የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ያችን ጣዖት አምላኪ ካልተወ እህት አለኝ ብሎ ስሜን እንዳያነሣ ብለዋል። ልጅቷ አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም ይህን ግን አንድም ቃል ሳትጥል አደረሰችልኝ። መልሴን እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን አምና ኦክላንድ እኔ ጋ ሰንብተው ከሄዱ በኋላ የሆነውን ይስሙኝ።

ጣዖት አምላኪ ያሏትን ማሊን የሚያውቋት ሙዝ በኮኮናት ሠርታ ስታመጣልዎ፣ ጾም ነው ብለው ሲመልሱባት ነው። በበዓለ ሃምሳ ጾም አለ ሲባል የሰማሁት ከእርስዎ ብቻ ነው። እሷ የታይላንድ ሰው ናት፤ ሟች ባሏ ደግሞ የስሪላንካ ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የምሄድበትን፣ አላሜዳ ያለውን የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር ያቋቋመው እሱ ነው። ሲሞት ስብስቡን የሚለይላት ሰው ስላልነበረ እኔ እየሄድኩ በየአገሩ ደረደርኩላት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር ተቀምጬ ጊዜው የሮጠብኝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከሁሉም አብልጣ የምትወዳቸው ሁለት ቴምብሮች ነበሩ። ሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመሩበትን በዓል ለማክበር በአንድ ቀን ያወጧቸው ናቸው፤ አንዱ የታይላንድ፣ አንዱ የስሪላንካ። የሁለቱም ሃይማኖት የቡድሃ ስለሆነ በሁለቱም ላይ ያው እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ቡድሃ ተሥሏል። በድሮ ዘመን ስሪላንካ ውስጥ የሚያመነኩስ አባት ጠፍቶ ሥርዓቱ ሲቋረጥ፣ ከታይላንድ መነኮሳት በመርከብ ሄደው መልሰው አቆሙላቸው አሉ። ማሊ ይህን ስትነግረኝ፣ እኛም ጳጳስ ከእስክንድርያ ስናስመጣ የኖርን ሰዎች ነን አልኳት። ባሕር ተሻግሮ አባት ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም። ባሏ እነዚያን ቴምብሮች የሰጣት አንዱ አንቺ ነሽ፣ አንዱ እኔ ነኝ ብሎ ነው።

ሳን ሆዜ ለሚደረገው የቴምብር ኤግዚቢሽን ሁለቱ የሚታዩበትን ገጽ እንዳዘጋጅላት አምና ሰጠችኝ። እኔም በእጅ ጽሕፈቴ እየተኩራራሁ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቴን ዘረጋሁ፤ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ደራርቤ አስቀመጥኳቸው። እርስዎ ደግሞ በሚሄዱበት ቀን ጠዋት ጸሎትዎን አድርሰው፣ በሻንጣዎ ይዘውት የመጡትን በሃይላንድ ጠርሙስ ያለ ጠበል አንሥተው ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ረጩ። ቴምብሮቹ ዘንድ ሲደርሱ ግን መርጨቱን ትተው አፈሰሱት። አይክዱኝም፤ የኩሬው ምልክት ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነው ያገኘሁት።

ያልተለጠፈ ቴምብር ጀርባው ሙጫ እንደሆነ ያውቃሉ። ልጅ ሳለሁ ለአባባ የሚላከውን ደብዳቤ በምላሴ እያረጠብኩ የምለጥፈው እርስዎ ፊት ነበር። ኤርፖርት አድርሼዎ ስመለስ ሁለቱ አንድ ሆነው ደርቀዋል፤ በአንድ ወገን ታይላንድ፣ በሌላው ወገን ስሪላንካ። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ያን ቀን ቢደውሉልኝ እኔም የተሳሳተ ቁጥር ነው እልዎ ነበር።

አላሜዳ ወስጄ ለማሊ አሳየኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ምን ውሃ ነው አለችኝ። ቤት የሚባረክበት ውሃ ነው፣ እህቴ ከአገር ይዛው የመጣችው ነው አልኳት። ከዚያ የእኛም መነኮሳት ቤት ሲባርኩ ውሃ ይረጫሉ አለችኝ። ሰርግም ሲሆን የሙሽሮቹ ታላላቆች በተራ እየመጡ በሙሽሮቹ እጅ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ይመርቃሉ አለች። ቴምብሩን እያገላበጠች፣ እህትህ ሳታስበው የታላቅ ሥራ ሠርታለች ብላ ሳቀች። በእንፋሎት ላላቅቀው ስላት እንቢ አለች።

ከዚያ ወዲያ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ገጹ ላይ መስኮት ቆረጥኩና ሰው ዞሮ በሁለቱም ወገን እንዲያየው በሁለት መስታወት መሐል አቆምነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ከአዲስ አበባ በመጣ ጠበል የተጣበቁ ብዬ ጻፍኩ። ዳኞቹ የተበላሸ ቴምብር ነው ብለው ከውድድሩ አስወጡን። ሰዉ ግን ከእኛ መስታወት አልነቀል አለ። ሐሴትም መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ ዳዲ ዩ ሉክ ሃፒ አለችኝ። ደስተኛ ትመስላለህ ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፣ እትዬ። ደስተኛ ነኝ።

የንስሐ አባቴን አባ ፍሬምናጦስንም ጠይቄያለሁ፤ ተደብቄ የማደርገው ነገር የለም። ካልተጠመቀች የጋብቻውን ሥርዓት ልፈጽምላችሁ አልችልም፣ አንተም ከቁርባን ትርቃለህ አሉኝ። ከበደኝ። ሌሎቹ ሊቆርቡ ሲሄዱ አሁን ከኋላ ቆሜ አያቸዋለሁ። ቢሆንም ለእኔ ስትዪ እምነትሽን ጣዪ አልላትም። እሷም እኔን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። እሑድ እሑድ በመኪናዋ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ታደርሰኛለች፤ ቅዳሴው ረዘመ ብላ አንድም ቀን አላጉረመረመችም፣ እርስዎ እንኳ አንዳንዴ ያጉረመርማሉ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ማሊን አልተውም። እርስዎንም አልተውም። እናታችን ስትሞት ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ስባል ነጠላዎን አጣፍተው የሚመጡልኝ እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ ስሜን አታንሣ ቢሉኝም አነሣለሁ። ስልኩን ቢዘጉት መልሼ እደውላለሁ። ይህን ደብዳቤ ቢቀድዱት ሌላ እጽፋለሁ። ግትርነቱን ከማን እንደተማርኩት ያውቃሉ።

መልስ ሲጽፉልኝ በፖስታው ጀርባ ባለው አድራሻ ይላኩልኝ፤ የኦክላንዱን ቤት ለቅቄያለሁ። ይኼኛው አላሜዳ ነው። የፖስታ ሳጥኑ ላይ የሁለታችንም ስም ስላለ አይጠፋም።

ደግሞ ትተውልኝ የሄዱት ጠበል ሃይላንዱ ውስጥ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ለራስ ምታቴ እንኳ ሳልነካው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አለቀ። በእኔና በማሊ እጅ ላይ ያፈሰሰችው ሐሴት ናት፤ በእርስዎ ቦታ ቆማ። ልምዱ ስለሌላት ግማሹ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። ሲመጡ ሌላ ይዘው ይምጡልኝ፤ በእርስዎ እጅ ሲሆን ይሻለኛል።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። የእኛን በር ሲረግጡ የማይበትን ቀን እሱ ያቅርብልኝ።

ያሳደጉት፣ የማይለቅዎ ወንድምዎ