ከኮረብታው ያልመጣችው ነብርማ

ለድሮው ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ግራ ዓይንህስ እንዴት ነው? የቀኙ ነገር እንዳበቃለት ከደብዳቤህ አይቻለሁ፤ ፊደልህ ከመስመሩ ወጥቶ ሽቅብ ሄዷል። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ሙዚየሙም እንደተውከው ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ኃላፊያችንም ባልዲ ወዲያና ወዲህ ማዞሩን ሥራ ብሎታል።

ዘንድሮም ኮረብታው ላይ እወጣለሁ ብለሃል። አሥረኛ በጋህ መሆኑ ነው። በአንድ ዓይንም ቢሆን ነብርማዋን አገኛታለሁ፣ ካላገኘኋት ውሸታም እንደተባልኩ መሞቴ ነው ያልከውን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። እባክህ አትውጣ። ለምን እንደምልህ ልንገርህና ከዚያ የፈለግከውን በለኝ።

ነብርማ የምንላቸውን ቢራቢሮዎች መለየት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ከላይ ሲያዩአቸው ሁሉም ብርቱካንማ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ናቸው፣ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። «ከላይ አይተሽ አትፍረጂ፤ ገልብጠሽ የኋላ ክንፏን ሥር እዪ» ትለኝ ነበር። ከሥር የብር ነጠብጣብ ያላት አንድ ዝርያ ናት፤ ገርጣ ያለ ቢጫ ብቻ ያላት ሌላ። ከየት እንደተያዘች ግን ክንፏ አይናገርም። ያንን የሚናገረው እኔ ከሥሯ በስፒል የምሰካው ወረቀት ብቻ ነው። የአንዷን ሳልጨርስ የሌላዋን ወረቀት እንዳልነቅል ደንብ ያወጣህልኝም ለዚህ ነው።

ቢራቢሮዎቹን ወደ አዲሶቹ መሳቢያዎች ያዛወርንበትን ቀን ታስታውሳለህ? በሩ ላይ ቆመህ፣ ኮትህን እንኳ ሳታወልቅ፣ ልታገባ መሆንህን የነገርከኝ ቀን ነው። እንኳን ደስ ያለህ አልኩህ። ስትወጣ የሁለት ነብርማዎች ወረቀት መዳፌ ላይ ነበር። እንባዬን ሳልጠርግ መልሼ ሰካኋቸው።

የተከተለውን ታውቀዋለህ። ከባለብሯ ሥር «ከኖራ ማቃጠያው ጀርባ፣ ኮረብታው» የሚል ወረቀት አገኘህ፤ እዚህ ታይታ የማታውቅ ዝርያ ኮረብታችን ላይ አለች ብለህ ጻፍክ። ሊቃውንቱ መጡ፣ ወጡ፣ ወረዱ፣ አጧት። ወረቀቱን ራሱ ነው የሰካው አሉና ከሥራ አስወጡህ። ሚስትህም በጋ በመጣ ቁጥር መረብህን ይዘህ ስትጠፋባት ታክቷት ሄደች።

ባለብሯ ከኮረብታው አልመጣችም። ነብርማዎቹን ለሙዚየሙ ትቶ የሞተው ሰብሳቢ ደብተር ከአሮጌው ቁምሳጥን ጀርባ ወድቆ አገኘሁት። ክንፏ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ሳይቀር መዝግቧታል፤ የያዛት ከባሕር ማዶ ነው። የኮረብታዋ ባለቢጫዋ ናት።

በየበጋው ከመውጣትህ በፊት እኔ ክፍል ትመጣለህ። መሳቢያውን እከፍትልሃለሁ፣ ወንበር እስብልሃለሁ፤ በማጉያ መነጽሩ ጎንበስ ብለህ ስታያት አጠገብህ እቆማለሁ። አንድ ሙሉ ከሰዓት። ሦስተኛው በጋ ላይ ቀና ብለህ፣ «ያመንሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አልከኝ። ልነግርህ አፌን ከፍቼ፣ ሻይ ትጠጣለህ ወይ አልኩህ።

ለኃላፊያችን ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ነገርኩት። ያባረሩህ ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ አሁን ለማን ይነገራል አለኝና ባልዲውን ሊደፋ ሄደ። ስምህን የሚመልስልህ የለም። እኔም ይቅር በለኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ደብተሩን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ያገኘሁት ዕለት በገጹ ዳር በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ እንዳስተማርከኝ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፌበታለሁ፤ የዘንድሮ አይደለም። ጽሑፌ ደቃቅ ስለሆነ ማጉያውን ያዝ። ከማንበብህ በፊትም ቁጭ በል።

አምላክ የቀረችህን ዓይን ይጠብቅልህ፤ እግርህንም ከገደል ያርቅልህ። ወንበርህን ከቦታው አላነሳሁትም። እንደማትመጣ ግን አውቃለሁ።

የድሮ ወዳጅህ፣
ወረቀት ሰኪዋ