በስምሽ የተማለላት መኪና

ውድ እህቴ፣ እታለም፣

ከሰላምታው በፊት ደረትሽን ልጠይቅ። ሳሉ ለቀቀሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ኪኒን እስከ መጨረሻው ዋጥሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ትንሽ ሻል ሲልሽ «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ከተትሽው? የጋሼ ጉልበት እንዴት ነው? ልጆቹስ? እማማ አሁንም ሬዲዮኑን እየተጣላች ነው የምታዳምጠው? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል። ደክሞኛል እታለም፤ ግን የታመመ ሰው ሳይሆን የሠራ ሰው ድካም ነውና አትስጊ።

ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እኛ ስናወራ ቤተሰቡ ሁሉ ጆሮሽ ላይ ስለሚጋፋ ነው። ከጨረስሽው በኋላ ለማን እንደምታነቢው አንቺ ታውቂያለሽ።

ሥራዬ ያው እንቁላል ማመላለስ ነው። ሲነጋጋ ከዶሮ እርባታው እረከብና ለዳቦ ቤቶችና ለኬክ ቤቶች አደርሳለሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምሠራው በኪራይ መኪና ነበር። የሰው መኪና የሰው ነው፤ ባለቤቱ ሲሻው ይመጣል፣ ሳይሻው ጎማ ፈነዳ ይላል። እርባታው በር ላይ ትሪዎቹን ከፊቴ ደርድሬ፣ አንገቴን እንደ ሰጎን አስግጌ መንገድ መንገዱን የማይበት ጠዋት በዛ። የቀን ውሎዬን መጻፍ ልማዴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ያለፉትን ገጾች ሳገላብጥ ሁሉም ላይ «ዘገየሁ» የሚል አገኘሁ።

ትልቋ ደንበኛዬ፣ ሰው ሁሉ ማዳም የሚላት ባለኬክ ቤት፣ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አልጮኸችም። ሊጥ የሰውን ችግር አይሰማም፣ ወሩ ሳያልቅ የራስህን መኪና ይዘህ ካልመጣህ ሌላ ሰው አነጋግራለሁ አለችኝ። እሷ ከሄደች ሌሎቹም ተከትለዋት እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ እርስ በርስ እየተያዩ ነው የሚገዙት። እነሱ ከሄዱ ደግሞ ወደ ጋሪ መግፋት ልመለስ ነው፤ ይህ ወገብ ግን ጋሪ የሚችል ወገብ አይደለም።

እናም መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ያገለገለ መኪና እንደ ሰፈር ወሬ ነው እታለም፤ በስንት እጅ እንዳለፈ አታውቂም፣ ሁሉም በየተራው ትንሽ ነካክቶታል። ብዙ አልተነዳችም የተባልኩላት አንዷ፣ የፍሬን ፔዳሏ ላስቲክ እንደ አሮጌ ጫማ ተረከዝ አልቆ አየሁት። አመስግኜ ሄድኩ። ሌላዋ ሁልጊዜ ሞተሯ ሞቆ ነበር የምትጠብቀኝ። ነገ በማለዳ ልምጣና ቀዝቅዛ ሳለች እናስነሳት ስለው ባለቤቷ ጠዋት ጉዳይ አለብኝ አለ። ከሰዓትም ይሁን፣ ብቻ አታሙቃት ስለው ከሰዓትም ጉዳይ ነበረው። በእግሬ ስዞር ሰንብቼ ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ስከት፣ መኪና ፈላጊ ከእግረኛ በላይ እንደሚሄድ ገባኝ።

በዚህ መሃል ዋርሳሽ መጣ። የባልሽ የጋሼ ታናሽ ወንድም እዚህ ከገባ ጀምሮ መኪና እየገዛ እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ። ምላሱ ቅቤ ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው፣ ክፋት ግን አይቼበት አላውቅም። ጋሼም በስልክ፣ ወንድሜ እያለ ባዳ ቤት ምን አዞረህ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ዋርሳሽ የሄድኩት መኪና ልገዛ ብቻ አይደለም፣ የጋሼንም ቃል ላከብር ነው።

መኪናዋ ነጭ ናት። ጀርባዋ ሰፊ፣ መቀመጫዎቿ የሚታጠፉ፣ ስትነሳ ድምጿ እንደ ተኛች ድመት ነው። ውስጧ ሽቶ ሽቶ ይላል። ዋጋዋም ከገበያው ዝቅ ያለ ነበር። ለምን ረከሰች ብለው ለአማች ነው አለኝ። ጎንበስ ብዬ ኮፈኗን ልከፍት ስል እጁን ኮፈኑ ላይ አደረገና እንዲህ አለ፦

«እህትህ ትሙት፣ እንከን የላትም።»

እጄን ሰበሰብኩ። ሰው በሚወደው ሰው ስም ከተማለለት በኋላ ቢመረምር ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ኮፈኑን ብከፍት መኪናዋን ሳይሆን አንቺን መመርመር ሆነብኝ። በዚያው ጠዋት ደግሞ ልጅሽ ሐኪም ቤት እንደተኛሽ ነግራኝ ነበር። ዋርሳሽ ያን ጊዜ መታመምሽን አልሰማም፤ በኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ለፍርድሽ እንዲረዳሽ ነው የምጽፈው።

መሐላ ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ በቀን ስንት ጊዜ ሲማል እሰማለሁ፣ የተማለበትም ሰው ማታ ቤቱ እራቱን ሲበላ አያለሁ። ግን አንቺ አልጋ ላይ ሆነሽ ያ ቃል ሲወጣ እንደ ሌላ ጊዜ ሰምቼ ማለፍ አቃተኝ።

ያም ሆኖ ነጋዴ መውጫ አያጣም። እኔ መኪናዋን አምኛታለሁ አልኩት፤ ያላመንኩት እንቁላሎቼን ነው፣ አንዴ ይሳፈሩባትና ይንገሩን። ሳቀ፤ አንተ እኮ ሞተህም ትከራከራለህ አለኝ። በማግስቱ እርባታው ዘንድ ተገናኘን፣ ትሪዎቹን ኋላ ደረደርን፣ የቀሩትን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥን። እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ በጆሮዬ ኋላዬን አያለሁ። ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ድንጋዩ እየተነቀለ ጥርስ እንዳጣ አፍ ሆኗል። አንድም እንቁላል አልተሰበረም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በልቤ ገዝቻት ነበር። ቀለሟን ሳይቀር ማዳም ስታየው ምን እንደምትል አስቤ ጨርሻለሁ።

ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ወንበሩ ላይ ያሉት ትሪዎች መንሸራተት ጀመሩ። አቁምና በቀበቶ ልሰራቸው አልኩት። ወርጄ የኋላውን በር ከፍቼ የወንበሩን ቀበቶ ሳብኩ። ትሪዎቹን ለመዞር ግማሹ ይበቃ ነበር። እጄ ግን አልቆም አለ። አባባ ጣቃ ጨርቅ ሲገዛ ትዝ ይልሻል? ነጋዴው «ያው ነው፣ ላዩም ውስጡም አንድ ነው» እያለ ሲለማመጥ እሱ እስከ ተጠቀለለበት እንጨት ድረስ ይተረትረው ነበር። ብል የሚበላው ሰው የማይደርስበትን ነው ይል ነበር። አንቺና እኔ የተተረተረውን መልሰን ስንጠቀልል ክንዳችን ይዝል ነበር።

ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ላዩ ንጹሕ ነው። ታችኛው ጫፍ ቡናማ ሆኖ፣ በመሃሉ ውኃ የቆመበት መስመር ተሰምሮበታል። የደረቀ ደለል መዳፌ ላይ ረገፈ፤ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ሽቶው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጎርፍ የዋጣት መኪና ዛሬ ትሄዳለች፣ ነገ ሽቦዋ ውስጥ ውስጡን ይበሰብስና ጭነት እንደያዘች መንገድ ላይ ትተኛለች።

መዳፌን እንደዘረጋሁ ወደ እሱ ዞርኩ።

«ይቺ መኪና ዋና ትችላለች እንዴ?» አልኩት።

ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ እሱም የገዛት ምለውለት እንደሆነ ነገረኝ። እንደ አባት የሚያያቸው አንድ ሽማግሌ በእናታቸው ስም ምለው ሸጡለት፤ ከዚያ በኋላ ቀበቶ መሳብ ነውር ሆነበት። ያለ የሌለ ጥሪቱን ከሰጠ በኋላ በመጀመሪያው ዝናብ መብራቷ ሁሉ ይበራ ይጠፋ ጀመር። የእሱም ስህተት እንደ እኔው ነው እታለም፤ እኔን እንቁላል አዳነኝ እንጂ ብልጠት አላዳነኝም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። ለእኔ ስትምል ግን ታውቅ ነበር?

«አውቅ ነበር» አለኝ። «ሩቅ ናት፣ አትሰማም ብዬ ነው።»

ከእሱ አፍ የሰማሁት ክፉ ነገር ይህ ብቻ ነው። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣሁም፤ መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። ለጋሼ እንዳልነግርበት ለመነኝ፣ እኔም አልነግርም አልኩ። ለአንቺ አልጽፍም ግን አላልኩም። እንቁላሎቹን በዚያችው መኪና አደረስን፣ ሌላ ምን እናድርግ። ማዳም ወጥታ ዙሪያዋን አየችና እሰይ፣ ይቺስ ታምራለች አለች። ገና አልወሰንኩም ብዬ ትሪ ማውረዴን ቀጠልኩ።

ወሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ላውንደሪ ያላት አንዲት ሴትዮ አንሶላ የምታመላልስባትን አሮጌ መኪና እንደምትሸጥ ሰማሁ። በማለዳ ሄድኩ፤ መኪናዋ ጤዛ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቀለሟ ምን እንደነበረ መናገር ያስቸግራል። ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና ምንም ሳልጠይቃት ጀመረች፦

«ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታኮርፋለች። የግራው በር ካልተቆጣኸው አይዘጋም። የዝናብ መጥረጊያዋ አንዱ ሞቷል። ሞተሯ ደህና ነው። ካልወደድካት አታድክመኝ፣ ውኃ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ሁሉንም ቀበቶ እስከ ጫፉ ስስብ ቆማ አየችኝና፣ ልማልልህ እንዴ፣ ምን ታምሳታለህ አለችኝ። ተይው እመቤቴ፣ እንቁላል ይምልልኛል አልኳት። እብድ ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም ቁልፉን የሰጠችኝ። ባሌስትራዋ ደረቅ ሆኖ ስለምታንገጫግጭ በመጀመሪያው ዙር ጥቂት እንቁላል ተሰበረ። አሮጌ ፍራሽ ቆርጬ ከሥር አነጠፍኩና ደገምኩት፤ ምንም አልሆነም። ሞተሯን መካኒክም አየው፣ ታገለግልሃለች አለኝ። ዋጋዋም አቅሜን አላለፈም፤ ገዛኋት። ማዳም ስታያት ፊቷን አዞረች። ሰዓቷን ስታይ ግን ፊቷን መለሰች። እስካሁን አንድም ቀን አልዘገየሁም።

ከሐኪም ቤት መውጣትሽን ልጅሽ የነገረችኝ በዚያው ሰሞን ነው። ቤት በገባሽ በነጋታው ጎረቤትሽ የተዋሰችውን ወንፊት ቀዳ መለሰች ብለሽ ስትነታረኪ እንደዋልሽ ስትነግረኝ፣ መኪናዋን ዳር አቁሜ መሪው ላይ ግንባሬን ደገፍኩ። በወንፊት የምትጣላ ሴት ልትሞት እንደማትችል ያን ጊዜ አመንኩ። ያን ያህል ጊዜ ምን ያህል እንደፈራሁ ያወቅኩትም ያን ጊዜ ነው።

አሁን ስለ ዋርሳሽ የቀረውን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት በእግሩ መጣ፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። ለነጯ መኪና ገዢ መጥቶ ነበር፣ ልምልለት ስል አፌ እምቢ አለኝ አለ። ላሜራዋንና ጎማዋን ለመለዋወጫ ነጋዴ በትንሽ ዋጋ ሰጥቶ ባዶ እጁን ቀርቷል። ሥራ ስጠኝ አላለኝም፤ ወገብህ እንዴት ነው ነው ያለኝ። ወገቤ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጠዋት እኔ ልነዳ፣ ከሰዓት እሱ ሊነዳ ተስማማን። ደግነት እንዳይመስልሽ፤ ሙሉ ቀን መንዳት አልችልም፣ እሱ ደግሞ መንገዱን ያውቃል። አንድ ግዴታ ብቻ ጨመርኩ፤ በዚህች መኪና ውስጥ በማንም ስም አይማልም።

የመጀመሪያው ቀን መንገዱን ላሳየው አብሬው ሄድኩ። ማዳም ጋ ስንደርስ አዲስ ሹፌር ስላየች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ይሄ እንቁላል የዛሬ ነው ወይስ የሰነበተ አለችው። አፉን ሲከፍት አየሁት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ የማን ስም እንደነበር አላውቅም። ወደ እኔ ዞር አለና አፉን ዘጋ። ከዚያ ከትሪው አንዱን አነሳ፣ ከጠረጴዛዋ ላይ ሰሃን ሳበ፣ እንቁላሉን ፊቷ ሰበረላት። አስኳሉ ሳይፈስ ጉብ ብሎ ቆመ። ማዳም አየችው፣ እኔም አየሁት፣ ከዚያ ትሪዎቹን አወረድን።

የሆነው ይኸው ነው። ሩቅ ናት፣ አትሰማም ብሎ ነበር፤ ይኸው ሰማሽ። የተማለው በስምሽ ነውና ይቅርታውም ያንቺ ነው፤ ለጋሼ መንገሩም አለመንገሩም። እኔ አልፈረድኩም፤ ወገቤ ፍርድ አይሸከምም።

ጋሼን ጉልበቱን ስመሽ ሰላም በይልኝ፤ መኪናዋን ከሌላ ሰው እንደገዛሁ፣ የሚነዳት ግን ወንድሙ እንደሆነ ንገሪው፤ እሱስ እውነት ነው። እማማን፣ የልጅ ልጅሽ ጠዋትና ማታ ስለምትደውልልኝ ስለ እኔ ሬዲዮኑን ሳይሆን እሷን ጠይቂ በያት። ልጅሽን አመስግኚልኝ፤ ወሬ አቀባይነቷ ከማንም በላይ ረድቶኛል። ትንሹ ጎረምሳሽ መኪናዋን በፎቶ ላክልኝ ብሎ ነበር፤ ብልከው ያፍርብኛል፣ በደንብ የምትሄድ ናት በይው። ጎረቤትሽንም ስለ ወንፊቱ ይቅር በያት፤ ለእኔ ትልቅ ውለታ ውላለች።

ኪኒንሽን እስከ መጨረሻው ዋጪ። ሌላው ስምሽን እንደፈለገ ያንሳው፤ አንቺ ኑሪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን