ባትሪው ላይ የተጻፈው ውሸት

እማዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው እየገባ ነው። እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ አንቺ ደህና ቦታ እንዳለሽ አምናለሁ። ደህና ያልሆነው እዚህ ነውና የእኛን ልንገርሽ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ወንድሜ ዳዊት የተሰነጠቀውን የመስኮት ሥር ግድግዳ አስለስኗል። ጓሮ የተከልሽው ጎደሬ፣ ቦይናሽ፣ ቅጠሉ ሰፍቶ መተላለፊያውን ዘግቶታል። የልብስ ስፌት መኪናሽን ለማንም አልሰጠሁም። አክስቴ ለቤተክርስቲያን ሴቶች ስጪው ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እምቢ ማለት የሚቀናኝ ሰው ሆኛለሁ፣ እማዬ። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣሽ ቤት ውስጥ የኦክስጅን ማሽን ያስፈልጋታል ያለንን ታስታውሺያለሽ። ማሽኑን በዘመድ ርዳታ አገኘን። የሶዶን መብራት ግን ማን ያምነዋል? ስለዚህ እኔና ዳዊት ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለማሽኑ የሚቀይር ኢንቨርተር ልንገዛ አቶ ጌታሁን ሱቅ ሄድን፤ ያ ገበያው አጠገብ የሶላር ዕቃ የሚሸጠው፣ ለልጆቹ ዩኒፎርም የሰፋሽለት። ማሽኑ ምን ያህል እንደሚፈጅ በደንብ ነገርነው። ባትሪው ላይ የሚይዘው መቶ አምፔር-አወር ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። "ሦስት ሰዓት ያለ ሐሳብ ይይዝላችኋል" አለን። አመንነው።

መብራት የሄደ ቀን ምሳ ላይ ነበርን። ዳጣው ያንሳል እያልሽ ስትጨምሪ አምፖሉ ጠፋ። ኢንቨርተሩ ወዲያው ተቀበለ፣ ማሽኑም ሥራውን ቀጠለ። "ይኸው፣ ሳይታወቅ አለፈ" ብለሽ ሳቅሽ። ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ማሽኑ ጮኸና ቆመ። ዳዊት በሚኒባሱ የበዴሳ መንገድ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ባጃጅ ጠርቼ አቅፌ ያስገባሁሽ። ትከሻዬን የያዝሽበት ኃይል ይገርመኝ ነበር። ሆስፒታል በሕይወት ደረስሽ፣ ከዚያ አልጋ ግን አልተነሳሽም።

ሐኪሞቹ በሽታው ቀድሞም ጸንቶባት ነበር፣ ባትሪው ነው ብሎ መናገር አይቻልም አሉኝ። ይህን እቀበላለሁ። ለቅሶ ላይ አንድ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው "የጌታ ፈቃድ ነው፣ ልጄ። ሰው ላይ ጣት አትቀስሪ" አሉኝ። ከጌታ ጋር ጠብ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። የእኔ ጠብ ባትሪው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ነው።

ሐዘኑ ጋብ ሲል አቶ ጌታሁን ጋ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ጉዳዩን ሰምቶኝ ሲያበቃ "እህቴ፣ ቻርጁን አልሞላችሁት ይሆናል። ባትሪ በአያያዝ ነው" አለ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። በየቀኑ ቻርጁን ሳላይ ወደ ቢሮ ሄጄ እንደማላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እሱ ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጥፋቱን አንስቶ እኔ ላይ አስቀመጠው። ከሱቁ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አላለቀስኩም፤ ባትሪውን ከጥጉ ጎትቼ አወጣሁት።

የዳዊት ጓደኛ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ኤሌክትሮኒክ ሎድ የሚባል ርካሽ ዕቃ እንዳለ ነገረኝና ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት፤ ፋንና ትንሽ ስክሪን አላት። ቻርጁ የሞላ ባትሪ ላይ ስትታሰር የመረጥሽላትን ያህል ኃይል ሳታቋርጥ እየሳበች ወደ ሙቀት ትለውጠዋለች። ባትሪው መውረድ የሌለበት ቮልት ላይ ሲደርስ ራሷ ታቆማለች። ከባትሪው የወጣው ሁሉ በአምፔር-አወር ተደምሮ ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ዋሽታ ማንን ትጠቅማለች?

መጀመሪያ ስሞክር ሠላሳ እንኳ ሳይሞላ ቆመ። ወዲያው ይዤው ወደ ሱቁ ልሮጥ ነበር። ጠጋኙ ግን ያሰርኩበትን ገመድ በጣቱ ነካና "ይህ እኮ ይፋጃል። ቀጭን ገመድ ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። ማሽኗ ባትሪው ሳያልቅ ያለቀ ይመስላታል" አለኝ። ያን ቁጥር በጣም ወድጄው ነበር፣ እማዬ። ግን ጣልኩት። የዋሸንን ሰው እኔም በተሳሳተ ቁጥር ልከስሰው አልፈለግሁም። ወፍራምና አጭር ኬብል ገዛሁ፣ የቮልት መለኪያዋን ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ጫፍ ላይ አሰርኩ፣ ባትሪውን እንደገና ሞላሁት። አርባ አንድ ሲል ቆመ። ደገምኩት፤ ያው ሆነ።

መቶ የተባለው አርባ አንድ ነበር። የስፌት ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከንዴት ብቻ አይደለም። አቶ ጌታሁን ያን ቃል ከተናገረ ጀምሮ፣ ለማንም ባልናገረውም፣ ምናልባት አንድ ቀን ሳልሞላው ቀርቼ ይሆን እያልኩ ራሴን ስበላ ነበርና።

ማሽኗን ይዤ ተመለስኩ። "ያንቺው አርጅቶ ነው" አለኝ። እንግዲያው ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ያውጡ፣ ራስዎ ይምረጡ፣ በራስዎ ቻርጀር ይሙሉት አልኩት። ሰው እየሰማ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም። በማግስቱ ጠዋት ሱቁ በረንዳ ላይ አሰርነው። ወረቀቱ እውነት ቢሆን እስከ ማታ ድረስ በሄደ ነበር። ቀትር ሳይሆን ፋኗ ዝም አለች። አርባ ሦስት።

አቶ ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበው። ከዚያ "እኔም በወረቀቱ አምኜ ነው የገዛሁት" አለ፤ ድምፁ ወርዶ። አመንኩት። ይቅርታዬ ግን ያን ቀን አልመጣም፤ ሙሉው ዛሬም አልመጣም። "ታዲያ ምን ላድርግ?" አለኝ። በሽተኛ ላለበት ቤት የሸጡትን ያውቃሉ፣ ይደውሉላቸው አልኩት።

ወሬው ገበያ ውስጥ ሲዛመት ሌሎቹ ነጋዴዎች ያንኑ ሽማግሌ ላኩብኝ። "ልጄ፣ የሰው እንጀራ አትዝጊ። እናትሽንም አይመልስልሽም" አሉኝ። እሳቸው ሲናገሩ አንቺ መዘምራን መሃል ቆመሽ ታየሽኝ። ትንፋሽ አጥሮሽ መዝሙሩን መጨረስ ሲያቅትሽ ተቀመጪ ይሉሽ ነበር፤ አንቺ ግን ከንፈርሽን ብቻ እያንቀሳቀስሽ እስከ መጨረሻው ትቆሚያለሽ። ለሽማግሌው ቡና አፍልቼ አጠጣኋቸው፣ አክብሬ ሸኘኋቸው፣ በማግስቱ ከመንገድ ማዶ ከሚሸጠው ሌላ ነጋዴ ባትሪ አምጥቼ ማሽኗ ላይ አሰርኩ።

አቶ ጌታሁን ሰንብቶ ደወለልኝ። ገሱባ የምትኖር አንዲት ሴት እንዳለች፣ ባሏ እንዳንቺው ዓይነት ማሽን ላይ እንደሆነ፣ ያንኑ ባትሪ ከእሱ እንደገዛች ነገረኝ። ዝም ብል ሊተወው ይችል ነበር፣ ዝም አላልኩም። ሁለት ባትሪ ጭኖ በዳዊት ሚኒባስ አብረን ሄድን። መንገዱ እንደምታውቂው ነው፤ ሁለቱንም እስከምንደርስ በእግሬ ደግፌ ያዝኳቸው። እቤቷ ያለውንም አዲሶቹንም እዚያው ፈተንኳቸው። ሦስቱ ተደምረው ወረቀቱ ከሚለው አንድ ባትሪ ትንሽ ቢበልጡ ነው። አቶ ጌታሁን ወረቀቶቹን በጥፍሩ ልጦ እውነተኛውን ቁጥር በማርከር ጻፈባቸው፤ ሦስቱንም መልሰን ሞልተን ለማሽኑ አንድ ላይ አሰርናቸው። ሴትየዋ "ምነው ቀድማችሁ በመጣችሁ" አላለችም፤ ባሏ በሕይወት ስላለ ይህን የምትልበት ምክንያት አልነበራትም። እኔ ነበረኝ።

ባለፈው ሳምንት ገሱባ መብራት ሄደ። ሴትየዋ ደወለችልኝ። "እህቴ፣ ማሽኑ ሳይቆም መብራት መጣ። እሱም እንቅልፉን ተኝቷል፣ አልሰማም" አለችኝ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በጣም ተናደድኩ፣ እማዬ። ይህ ለአንቺም ይገባሽ ነበር። ሰው ሁሉ አሁን ልብሽ አረፈ ይለኛል፤ አላረፈም፣ እንዲያርፍም አልለምንም። አንቺን ሳነሳ ቀኗ ደርሶ ነው በሚለው ቃል አላነሳሽም። ሳቅሽንም፣ ያን ከሰዓትም፣ ትከሻዬ ላይ የነበረውን እጅሽንም ሳልሸራርፍ እይዘዋለሁ። ነገ አንድ ሰው ከበዴሳ ባትሪ ሊያስለካ በሞተር ጭኖ ይመጣል፤ እናቱ ታማበታለች። በሩን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ።

ልጅሽ