ሜዳ ላይ «ሻምበል» የሚለኝ

ማክሰኞ

ዛሬ ልምምድ ላይ «አቤት!» ብዬ ዞር ስል ኳሷ በእግሮቼ መሃል ሾልካ ሄደች። አሰልጣኛችን ሩዲ ራሱን ያዘ። ቅዳሜ ጄኔቭ ላይ ጣሊያናዊው መልማይ እኔን ሊያይ ይመጣል። የሚመለምለው ደሞዝ ለሚከፍል የቤዝቦል ክለብ ነው፤ ከወደደኝ ለአንድ የውድድር ዘመን ይወስደኛል። እንዲህ ተጫውቼማ ዞር ብሎም አያየኝ።

የጠራኝ ሰው «ሻምበል» ነው ያለኝ። እንዲህ የሚለኝ አባዬ ብቻ ነበር። ክለቡ ውስጥ ሚኪያስ ብሎ የሚጠራኝ እንኳ የለም። እዚህ አገር ስንገባ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው መዘገቡት፤ ማሊያዬ ላይም «ጸጋዬ» ተጻፈ። ቀኑን ሙሉ አባቴን ሲጠሩት እየዋሉ አቤት ባዩ እኔ ነኝ።

ደክሞኝ ይሆናል።

ረቡዕ

ደክሞኝ አይደለም። ዛሬም ጠራኝ። በቀኜ፣ ከአጥሩ ጋ፣ ሰው ከሌለበት። አይጮህም። ሳሎን ቁጭ ብሎ ውሃ አምጣልኝ የሚል ነው የሚመስለው። ወዲያው ኳሷ በዚያው በኩል መጣች። ትላንትም እንደዚያው ነበር።

ኡስተር ያለው ቤታችን ስገባ ለእማዬ ልነግራት ብዬ ተውኩት። አባዬን ከምርጫው በኋላ ከወሰዱት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። አለም ሞተም ያለን የለም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጥንም። እማዬ ሰው ለቅሶ ስትሄድ እንኳ ጥቁር አትለብስም። ድምፁን ሰማሁ ብላት ምን ትሆናለች? ፈራሁ።

ዓርብ

ጄኔቭ፣ ሊኞን የሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ አልማዝ ቤት ነን። የአባዬ እህት ናት። እማዬ አልቀርም ብላ አብራኝ መጣች፤ ጨዋታዬን አይታ አታውቅም።

ጓንት አለ። ጫማ አለ። ካልሲ አንድ እግር ብቻ! አክስቴ የባሏን ሰጠችኝ።

«ጣሊያን ፓስታ አብልታ ታወፍረው እንጂ፣ ይሄ ምኑ ስፖርተኛ ነው?» አለች።

እማዬ ግን አልሳቀችም። «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ምንም አልኳት። «ስትዋሽ ጆሮህን ታካለህ። አባትህም እንደዚሁ ነው» አለችኝ። ነበር አትልም፤ ብላም አታውቅም።

ቅዳሜ

ተሳካ!

መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ከተጋጣሚያችን ሁለት ሰው ከጨዋታ ማስወጣት ይቀረናል። እኔ ሯጮች በሚረግጡት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል ቆሜያለሁ። «ሻምበል።» ዛሬ በግራዬ ነው። አቤት አላልኩም፤ ዞሬም አላየሁም። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄድኩ። ኳሷ ጓንቴ ውስጥ ገባች። ሯጩን ቀድሜ ሁለተኛውን ቤዝ ረግጬ ወደ አንደኛው ወረወርኩ። ሁለቱም ሯጮች ከጨዋታ ወጡ። አሸነፍን።

መልማዩ ፓኪ የሚባል ሰፈር ካፌ ወስዶ ጋበዘን። «ኳሷ ሳትመታ የት እንደምትሄድ እንዴት አወቅህ?» አለኝ። ልምድ ነው አልኩት። ውሉን ሰጠኝ፤ የጉዞ ፈቃዱን ክለቡ ይጨርሳል። እማዬ ሻይዋን አልነካችም።

«ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ብሎኛል» አለች፣ መንገዱን እያየች።

እሁድ

ወደ ኡስተር ስንመለስ ባቡር ውስጥ፣ ሎዛን ልንደርስ ስንል፣ እማዬ «ትላንት ሻምበል ብሎ የጠራህ ማነው?» አለችኝ።

አንድም ቃል አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።

«ከየት በኩል ሰማሽ?»

«ከኋላዬ። ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው።»

ከዚያ ለቸርች የያዘችውን ነጠላ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘቅዝቃ ለበሰችው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ባቡሩ ሲቆም ተነሳች። «እንውረድ፤ ለአልማዝ በስልክ አይነገርም» አለችኝ።

ወደ ጄኔቭ ተመለስን። ውሉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ደስ ሲለኝ ደግሞ አፍራለሁ። አክስቴ በሩን ከፍታ ነጠላውን አየች። የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።

«ማን አረዳሽ?» አለቻት።

«ራሱ» አለች እማዬ።