በሰው ፊት እንዲነበብ የታዘዘው የአቶ በላቸው አንለይ ሕይወት

አቶ በላቸው አንለይ ከአባታቸው ከአቶ አንለይ አበረ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማናዬ ተሰማ በኅዳር ወር 1914 ዓ.ም. ከወረታ በስተሰሜን፣ በርብ ወንዝ አጠገብ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ጠይሞች ሲሆኑ እርሳቸው ግን ቆዳቸውም ጠጉራቸውም እንደ ባዘቶ ነጭ፣ ዓይናቸውም ብርሃን የማይችል ሆኖ ነበር የተወለዱት። እኩዮቻቸው ከብት ይዘው ወደ ሜዳው ሲወርዱ እርሳቸው በሩ ገርበብ ብሎ ቤት ውስጥ ይውሉ ነበር። ቄስ ዘንድ ቢላኩም ፊደሉ ስላልታያቸው ዳዊትን በጆሯቸው ሰምተው በቃላቸው ያዙ።

ለአካለ መጠን ሲደርሱ ገመድ መሥራት ጀመሩ። ቃጫ እየፈተሉ የከብት ማሰሪያና የጭነት ገመድ ይሠራሉ፤ በገበያ ቀን ጎሕ ሲቀድ ወረታ ደርሰው ፀሐዩ ሳይበረታ ይመለሳሉ። ገመዳቸውን የማያመሰግን አልነበረም፤ ቤታቸው ገብቶ የተቀመጠ ግን ጥቂት ነው።

ልጁን የሚድርላቸው ጠፍቶ ሠላሳ ዓመት ሞላቸው። በ1944 ዓ.ም. አባታቸው፣ ይፋግ አካባቢ እንደ ልጃቸው ነጭ ሆና የተወለደች ልጅ መኖሯን ሰምተው ሽማግሌ ላኩ። እርሳቸውም ወ/ሮ አገኘሁሽ ደብሬ ናቸው። ዘር ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌላቸው ከታወቀ በኋላ ተጋቡ። በሠርጉ ቀን ብዙ ሰው የመጣው ለመመረቅ ሳይሆን ሁለቱን ለማየት ነበር። ቢሆንም አቶ በላቸው ተከታዮቹን ሁለት ዓመታት «ሰው ሆኜ የኖርሁባቸው» ይሏቸው ነበር። ቀን ቀን ቤት ውስጥ አንዳቸው ሲፈትሉ አንዳቸው ያከራሉ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ። ሕፃኗ ጠይም ነበረች፤ ጠጉሯም ዓይኗም ጥቁር። ጎረቤት ማንሾካሾክ ጀመረ። አቶ በላቸው በክርስትናዋ ዕለት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሡና «ከሁለት ነጭ ጠይም አይወጣም። ልጅቱ የእኔ አይደለችም» አሉ። ወ/ሮ አገኘሁሽ በታቦቱ ስም ማሉ፤ ያመናቸው የለም። በማግስቱ ሕፃኗን አዝለው በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ወደ ይፋግ፣ ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። የሸኛቸው አልነበረም።

አቶ በላቸው ሌላ ሴት አላገቡም። አባታቸው በ1947፣ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደግሞ ጭር ያለው ቤት ስለከበዳቸው፣ ድምፅ እንዲሰሙ ብለው ዶሮ ማርባት ያዙ።

በ1953 ዓ.ም. አንዲት ነጭ ቄብ ነበረቻቸው። የቀሩትን ሸለምጥማጥ ስለጨረሰባቸው እርሷን ከጫጩትነቷ ጀምሮ ከቤት አስወጥተዋት አያውቁም። ወረታ የሚነግዱት ወ/ሮ መዲና ከወሎ የመጣ ነጭ አውራ ዶሮ ሸጡላቸው፤ እርሳቸውም ከቄቧ ጋር ቤት ዘጉበት። ቄቧ እንቁላል ጥላ ታቀፈች፤ ዘጠኝ ጫጩትም ፈለፈለች። ከዘጠኙ አንድ ነጭ አልነበረም። ከፊሉ ጥቁር፣ ከፊሉ ቀይ ነበር። ሌላ አውራ ደጃፉን እንዳልረገጠ ደግሞ እርሳቸው በደንብ ያውቃሉ። ያን ቀን ገመድ አልሠሩም።

ጫጩቶቹን በቅርጫት ይዘው ወረታ ወደሚያስተምሩት ወደ መምህር ደረሰ ሄዱ። መምህሩም እንዲህ ሲሉ አስረዷቸው፤ «ቀለም እንዲወጣ ከዘር የሚወረሱ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። አውራው አንደኛው ጎድሎት ነጭ ሆነ፤ ቄቧ ሁለተኛው ጎድሏት ነጭ ሆነች። ነጭነታቸው አንድ ይመስላል እንጂ የጎደላቸው የተለያየ ነው። ጫጩቶቹ ከእናትም ከአባትም ሲወስዱ ሁለቱ ነገር ተሟላላቸው። የጥቁሩም የቀዩም ዘር ድሮም በወላጆቹ ውስጥ ነበረ፤ ነጭነቱ ሸፍኖት ነው ያልታየው።»

አቶ በላቸው «ሰውም እንዲሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሰውም እንዲሁ ይሆናል» አሉ መምህሩ።

ቅርጫቱን እዚያው ረስተው ወጡ።

በጥር 1954 ዓ.ም. ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ይፋግ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። በሩን የከፈተችላቸው ያቺው ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ገላነሽ ነበረች። ዓይናቸው ከሩቅ ስለማያይ ጎንበስ ብለው ቀርበው አዩዋት። አፍንጫዋና ግንባሯ የእናታቸው የወ/ሮ ማናዬ ነበር። ወ/ሮ አገኘሁሽ የዶሮዎቹን ነገር እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። ከዚያም «እኔ በታቦት ምዬ አላመኑኝም። አሁንም ያመኑት ዶሮዋን ነው» አሏቸው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ቢላክም አልተመለሱም። ነገር ግን «ልጅቱ አባቷን ትወቅ» ብለው ፈቀዱ።

ገላነሽ በ1955 ዓ.ም. ወረታ ትምህርት ቤት ገብታ ከአባቷ ጋር መኖር ጀመረች። አቶ በላቸው ጨዋታ የለመዱ ሰው አልነበሩም። መጽሐፏን ስታነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ስትጨርስ ስለ እናቷ ጤንነት ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወደ ገመዳቸው ይመለሳሉ። በየፋሲካው ከገመዳቸው የተሻለውን መርጠው ወደ ይፋግ ይልኩ ነበር። መልስ መጥቶላቸው አያውቅም።

በ1959 ዓ.ም. አንገታቸው ላይ የማይድን ቁስል ወጣባቸው። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደው ቢጠመቁም፣ ጎንደር ድረስ ተወስደው ቢታከሙም አልሻላቸውም። ሕመሙ ሲጠናባቸው ልጃቸውን ጠርተው «እናትሽን ያዋረድኋት በሰው ፊት ነው። ስቀበር ሰው ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ሕይወቴ ተጽፎ ይነበብልኝ። ደግ ነበር ለማለት ብለሽ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ» ሲሉ አዘዟት። ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ይህም እንደ ቃላቸው በልጃቸው ተጽፎ እነሆ በፊታችሁ ተነበበ። ወ/ሮ አገኘሁሽ ከይፋግ መጥተው ከመካከላችሁ ይገኛሉ። አቶ በላቸው፣ እርሳቸው በዚህ ጽሑፍ ላይ «ባለቤታቸው» ተብለው እንዲጠሩላቸው ተመኝተው ነበር። ወ/ሮ አገኘሁሽ ግን ሲጠየቁ «የልጃቸው እናት በሉኝ» ስላሉ የተጻፈው እንደ እርሳቸው ፈቃድ ነው።

አቶ በላቸው አንለይ የአብራካቸውን ክፋይ ገላነሽ በላቸውን እና የልጃቸውን እናት ወ/ሮ አገኘሁሽ ደብሬን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር በደላቸውን ይቅር ይበል፤ ነፍሳቸውንም ብቻዋን አይተዋት። አሜን።